ከቀበና እስከ አምስት ኪሎ፦ የድሮ ሐይቅ ዛጎሎች ዱካ ፍለጋ

ሰኞ

ከዝዋይ ጠዋት ተነስቼ ቀትር ላይ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ከዛ በሚኒባስ ወደ መሀል፣ ከዛ አራት ኪሎ፣ ከዛ ቁልቁል ቀበና አክስቴ ቤት። መንገዱን አላወራም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ የመጣሁበትን ጉዳይ ግን በደንብ ላስረዳ ምክንያቱም ሳምንቱን ሙሉ የማወራው ስለሱ ነው።

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ አሁን የሴሚስተር እረፍት ነው። ስልኬ ላይ ከቡልቡላ ወንዝ ዳር ያነሳኋቸው ፎቶዎች አሉ። ቡልቡላ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ አብያታ የሚገባው ወንዝ ነው፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ውሃው ሲቀንስ ዳሩ እንደተቆረጠ ግድግዳ ቆሞ ይታያል፣ ነጭ፣ ግራጫ፣ አመድማ፣ ደሞ ነጭ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተነባበረ ደለል፣ አብዛኛው የድሮ ሐይቅ ወለል ነው። ከዚህ ግድግዳ ተገምሶ የወደቀ አንድ ጠፍጣፋ ስባሪ ነበር፣ ሆዱ ወደ ሰማይ ዞሮ፣ እና ሆዱ ላይ ትናንሽ እብጠቶች አሉበት፣ መሀላቸው ወፈር ያለ ሁለቱም ጫፋቸው ሾል ያለ፣ ቁጭ የስንዴ ፍሬ ቅርፅ፣ መጠናቸው ግን አጠገባቸው ካስቀመጥኩት የአንድ ብር ሳንቲም ጋር የሚቀራረብ፣ አብዛኞቹ ደሞ ወደ አንድ አቅጣጫ የተኙ። ዛጎል የለም። የዛጎል ስብርባሪም የለም። እብጠቱ ብቻ።

የዱካ ፎሲል ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ማለትም የእንስሳው አካል ሳይሆን እንስሳው ጭቃ ውስጥ ተቀምጦበት የነበረው ቦታ። ያ እንስሳ ደሞ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል የለበሰ፣ በጨዋማ ባህር ሳይሆን በሐይቅና በወንዝ የሚኖር፣ ባይቫልቭ የሚባለው ነው።

ስባሪውን አላነሳሁትም። በአዋጅ 209/1992 ቅሪተ አካል ቅርስ ነው፣ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ማሳወቅ ነው ያለበት እንጂ በቦርሳ ይዞ መሄድ የለበትም። ሎኬሽኑን ሴቭ አድርጌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ እዛው ተውኩት። ዛጎል ብቻ ይዣለሁ፣ እሱም አሁን ከሚኖሩት ከዝዋይ ዳርቻ የለቀምኩት ባዶ ዛጎል።

እቴቴ እራት ላይ «ለዚህ ነው እንዴ ከዝዋይ ድረስ የመጣሽው?» አለችኝ። አዎ ለዚህ ነው።

ማክሰኞ

ብሔራዊ ሙዚየም፣ አምስት ኪሎ። ከቀበና በእግሬ ወጣሁ፣ ጠዋቱ ይበርዳል ግን ፀሀዩ ደስ ይላል።

ሁሉም ሰው ቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ነው የሚወርደው፣ ድንቅነሽን ለማየት። እኔም ወረድኩ። የሚታየው ቅጂው ነው፣ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። ተማሪዎች ተሰብስበው አስጎብኚያቸው ያስረዳቸዋል፣ ህዳር 24፣ 1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ ተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን አመት፣ ከአካሏ 40 በመቶ ገደማ ተገኝቷል ምናምን። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚሰሙት፣ ደስ ይላል። እኔ ግን መጠየቅ የፈለግኩት ሌላ ነው፣ የተኛችበት አፈር ምንድነው?

ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቅም። ሐዳር ዛሬ በረሃ ነው፣ ያኔ ግን ሐይቅ፣ ወንዝና ወንዙ ሐይቅ ሲገባ የሚሰራው ደልታ ነበር፣ የሐዳር ንብርብሮች የሸክላ አፈርና አሸዋ የሚፈራረቁባቸው ለዚህ ነው። ድንቅነሽ የተገኘችበት ቦታ ላይ የኤሊና የአዞ እንቁላል፣ የሸርጣን ጥፍርም ተገኝቷል። ማለት ውሃው ሩቅ አልነበረም። ሰላምም፣ ዲኪካ ላይ የተገኘችው የ3.3 ሚሊዮን አመቷ ህፃን፣ ከአዋሽ ማዶ እንዲህ ባለ ደልታ ደለል ውስጥ ነው የተገኘችው። አጥንቱን ያቆየልን ጭቃው ነው፣ ጭቃው ባይኖር ድንቅነሽ የለችም፣ እኛ ግን ጭቃውን ጠርገን ጥለን አጥንቱን ብቻ በመስታወት ውስጥ እናስቀምጣለን። ይሄ ሁሌ ያሳዝነኛል። ከአጥንቱ አጠገብ አንድ ቁራጭ የሐይቅ ወለል፣ ከነዱካው፣ ቢቀመጥ ልጆቹ ያኔ ውሃው ዳር ምን ይንቀሳቀስ እንደነበር በአይናቸው ያዩ ነበር።

አስጎብኚውን ቡድኑ ሲያልፍ ጠብቄ ፎቶዎቼን አሳየሁት። ትሁት ሰው ነው። ረጅም ሰአት አየው፣ ከዛ «ዛጎሉስ?» አለኝ። ዛጎሉ የለም አልኩት። «ዛጎሉ ከሌለ በምን ይታወቃል?»

ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልሴን እዚህ ልፃፈው ምክንያቱም ቆመን ስናወራ አልጨረስኩም። ዛጎል ይጓዛል። ጎርፍ ይወስደዋል፣ ወፍ ይዞት ይበራል፣ ሰው በልቶ ቁልል ያደርገዋል፣ ወንዝ ከድሮ ንብርብር ሸርሽሮ አውጥቶ አዲስ ደለል ውስጥ መልሶ ይቀብረዋል፣ ስለዚህ አንድ ዛጎል ያለበት ቦታ የኖረበት ቦታ ላይሆን ይችላል፣ ያለበት ንብርብር እድሜም የሱ እድሜ ላይሆን ይችላል። ዱካ ግን አይጓዝም። ጭቃው ላይ የተሰራ ምልክት ጎርፍ ቢመጣበት ይጠፋል እንጂ ተነስቶ ሌላ ቦታ አይሄድም። ስለዚህ ዱካው ካለ እንስሳው እዚያው ነበር፣ በህይወት፣ በዚያ ጭቃ ላይ፣ በዚያ ጊዜ። ዛጎሉ የሚሰራበት አራጎናይት የሚባለው ማዕድን ደሞ አፈር ውስጥ በሚሰርግ ውሃ በቀላሉ ስለሚሟሟ ዛጎሉ ጠፍቶ ዱካው ብቻ የሚቀርበት ቦታ አለ።

ዛጎል ብቻውን ሰውን እንዴት እንደሚያስቸግር የራሳችን ሀገር ምሳሌ አለ። በ1967 እ.ኤ.አ. ኦሞ ኪቢሽ ላይ የሰው ቅሪተ አካል ሲገኝ መጀመሪያ 130,000 አመት ነው የተባለው ኤቴሪያ በሚባለው ዛጎል ውስጥ ባለው ዩራኒየም በተለካ እድሜ ነው። ኤቴሪያ የአፍሪካ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ አለት ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ነው፣ ጭቃ አይቆፍርም፣ ዱካም አይተውም። ችግሩ ዛጎል ከሞተ በኋላም ከአካባቢው ዩራኒየም ይስባል፣ ያ ደሞ ስሌቱን ያዛባዋል። በኋላ የእሳተ ገሞራ ንብርብሮችን በመለካት በ2005 እ.ኤ.አ. 195,000 አመት ተባለ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ደሞ ከ230,000 አመት በላይ። ስለዚህ ዛጎል የእድሜም የቦታም ምስክር ሲሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ከሙዚየሙ ስወጣ ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር ቁጭ ብዬ ማኪያቶ ጠጣሁ። ብዙ ሰአት ቆምኩ እግሬ ዝሏል።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ አብርሆት፣ አራት ኪሎ። ቤተ መጻሕፍቱ በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ አዲስ አበባ ስመጣ የማልቀርበት ቦታ ነው፣ ፀጥ ያለ፣ ብርሃኑ ጥሩ፣ ዋይፋይ አለ፣ ላፕቶፔን ይዤ መስኮት ዳር ቦታ ያዝኩ።

ያነበብኩትን በአጭሩ። እኔ ያየሁትን አይነት እብጠት ለመጀመሪያ ጊዜ ሎኬያ ብሎ የሰየመው ጄምስ የሚባል አሜሪካዊ ነው በ1879 እ.ኤ.አ.፣ እሱ ያየው ኦሃዮ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን አመት በላይ በሆነ የባህር ድንጋይ ላይ ነው። ስሙ የዱካው ስም ነው የእንስሳው አይደለም፣ ስለዚህ በባህርም ቢሆን በሐይቅ፣ በጣም ሩቅ ዘመንም ቢሆን በቅርብ፣ ቅርፁ ያው ከሆነ ስሙ ያው ነው። ከዛ ጀርመናዊው አዶልፍ ዛይላኸር በ1953 እ.ኤ.አ. ዱካዎችን በእንስሳው ስራ ከፋፈላቸው፣ ያረፈበት፣ የሄደበት፣ የበላበት፣ የኖረበት። እኔ ይሄን አከፋፈል በጣም ነው የምወደው፣ ማን ነህ ከማለቱ በፊት ምን ትሰራ ነበር ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሎኬያ ያረፈበት ከሚባለው ክፍል ነው።

ሐይቅን ለብቻው ያዩት ደሞ ሁለት አርጀንቲናውያን ናቸው፣ ሉዊስ ቡዋቶይስ እና ጋብሪዬላ ማንጋኖ። በ1995 እ.ኤ.አ. ሁሌም ውሃ ስር ያለና ረጋ ያለ የሐይቅ ወለል የራሱ የዱካ ስብስብ አለው ብለው ሜርሚያ የሚል ስም ሰጡት። ውሃ እየመጣ እየሄደ የሚደርቀው ዳርቻ ደሞ ስኮየኒያ የሚባል ሌላ ስብስብ አለው። ስለዚህ የዱካውን ጎረቤቶች ካየህ ሐይቁ እዛ ቦታ ላይ ጥልቅ ነበር፣ ጥልቅ አልነበረም፣ ደርቆ ያውቃል ወይ የሚለውን መገመት ትጀምራለህ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የእግሩ ነገር ነው። አንድ እግር ነው ያለው፣ አጥንት የለውም፣ ጡንቻና ደም ብቻ። መጀመሪያ እግሩን አቅጥኖ ጭቃው ውስጥ ይከታል። ከዛ ጫፉን በደም ይሞላና ያብጣል፣ ያ እብጠት ጭቃውን ይይዛል። ከዛ ሁለቱን ክዳኖች ድንገት ይዘጋል፣ በውስጡ የነበረው ውሃ ተስፈንጥሮ ይወጣና ዙሪያውን ያለውን ጭቃ ያላላዋል፣ በዚህ ቅፅበት እግሩን ወደ ውስጥ ሲስበው እግሩ ስለተያዘ ዛጎሉ ወደ እግሩ ይወርዳል፣ ወዲህ ወዲያ እየተወዛወዘ። ከዛ ክዳኖቹን መገጣጠሚያው ላይ ያለው ተለጣጭ ጅማት መልሶ ይከፍታቸዋል፣ ሲከፈቱ ጎንና ጎኑን ጭቃውን ይገፉና ዛጎሉ ይያዛል፣ አሁን እግሩ ነፃ ነው እንደገና ወደ ታች። እንዲህ እንዲህ እያለ ይገባል። የዱካው ቅርፅ ጎኑ ያበጠ ጫፉ የሾለ፣ ስሩ ላይ ደሞ አንዳንዴ ቀጭን መስመር ያለበት የሆነው ለዚህ ነው፣ በጀርባው ሳይሆን በጠርዙ ነው የሚገባው፣ ጠርዙ ነው መስመሩን የሚያሰምረው።

ለምን ወደ አንድ አቅጣጫ እንደተኙም አገኘሁ። ከጭቃው ውስጥ ሆኖ የኋላ ጫፉን ብቻ ወደ ውሃው ብቅ አድርጎ በአንዱ ቀዳዳ ውሃ ያስገባል ምግብና ኦክስጅኑን ያጣራል በሌላው ያስወጣል፣ ወራጅ ውሃ ካለ ብዙ ጊዜ ቁመናውን ከወራጁ ጋር ያስተካክላል። ስለዚህ የብዙ ዱካ አቅጣጫ አንድ ላይ ሲሆን ያኔ ውሃው በየት በኩል ይወርድ እንደነበር ሊነግርህ ይችላል! ከኮምፓስ ጋር አልለካሁም ስባሪው ወድቆ ስለነበር አቅጣጫው ተዛብቷል፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ነው መለካት ያለብኝ።

ሌላም አለ። ዩኒዮኒድ የሚባሉት የሐይቅ ዛጎሎች እጫቸው በአሳ ላይ ተጣብቆ ካልተሸከመ አያድግም። ስለዚህ የነዚህ ዘር ዱካ ካለ አሳም ነበር ማለት ነው፣ አንድም የአሳ አጥንት ሳታገኝ። ኮርቢኩላ የሚባለው ትንሹ ግን ያለ አሳ ነው የሚራባው፣ ስለዚህ አሳ ነበር ከማለት በፊት ዱካውን ማን እንደሰራው መለየት ያስፈልጋል፣ ይሄ ከባድ ነው።

ሲዘጋ ነው የወጣሁት።

ሐሙስ

ዛሬ ስራ ነበር። ጠዋት ቀጨኔ ወጥቼ ከሸክላ ሰሪ እናቶች ጭቃ ገዛሁ፣ እነሱ ጋ ያለው ጭቃ ተነጥሮ ጠጠሩ የወጣለት ስለሆነ ነው የመረጥኩት፣ አንዷ እናት «ጀበና ልትሰሪ ነው?» አሉኝ፣ አስረዳኋቸው፣ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ጨርቅ አልብሺው ብለው መከሩኝ፣ ምክራቸው በጣም ጠቀመኝ። ከዛ ፒያሳ ወርጄ ጄሶ ገዛሁ፣ አሸዋ ደሞ ሰፈር ውስጥ ከሚሰራ ግንባታ ለምኜ አንድ ላስቲክ ሞላሁ።

እቴቴ ጓሮ ሳፋ ውስጥ ጭቃውን አነጠፍኩት ለስለስ አድርጌ። ከዝዋይ ያመጣሁትን ዛጎል ክዳኖቹን ገጥሜ በክር አስሬ እንስሳው በሚገባበት መንገድ በጠርዙ በኩል ወዘወዝ እያደረግኩ ከተትኩትና አወጣሁት። አጠገቡ ያንኑ ዛጎል በጎኑ ጣልኩት፣ የሞተ ዛጎል እንደሚወድቀው፣ ጫን አድርጌ አነሳሁት። ከዛ በሁለቱም ላይ ጄሶ አፈሰስኩ። ሲደርቅ ገልብጬ አየሁት።

ልዩነቱ ግልፅ ነው። በጎኑ የወደቀው ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ክብ ቢጤ ምልክት ነው የሰራው። በጠርዙ የገባው ግን ጠባብ፣ ጥልቅ፣ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ መሀሉ ላይ ቀጭን መስመር ያለው እብጠት። ስልኬን አወጣሁና የቡልቡላውን ፎቶ ከጄሶው ጎን አስቀመጥኩት። እቴቴን ጠራኋት «እስቲ እይው፣ የትኛውን ይመስላል?» አልኳት፣ ምንም ሳልነግራት። መነፅሯን አድርጋ አንዴ ወደ ስልኩ አንዴ ወደ ጄሶው አየችና ጠባቡን ነካችው። እንዲህ ባለ ሰአት አስተማሪ መሆኔ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሐይቅ ውስጥ የሚሆነውም ይሄው ነው። እንስሳው ጭቃ ላይ ጉድጓድ ይሰራል፣ ሲለቅ ጎርፍ ያመጣው ደቃቅ አሸዋ ጉድጓዱን ይሞላዋል፣ አሸዋው ሲጠነክር ጭቃው ደሞ ረግፎ ሲሄድ የሚቀረው ከላይኛው ንብርብር ሆድ ላይ ያለ እብጠት ነው። ስለዚህ ዱካ ፈላጊ የድንጋይ ጀርባ ብቻ ሳይሆን ሆዱን ማየት አለበት፣ እኔ ያየሁት የተገለበጠ ስባሪ ባይሆን ኖሮ ምንም አይታየኝም ነበር።

ከሰአት ሌላውን ሞከርኩ። የሃይላንድ ጠርሙስ አናቱን ቆርጬ ስሩ ላይ ዛጎሉን አስቀምጬ ክር አስሬበት በላዩ ላይ ጭቃ፣ አሸዋ፣ የከሰል አመድ፣ ደሞ ጭቃ፣ ደሞ አሸዋ እያልኩ ነባበርኩ። ከዛ ክሩን ቀስ እያልኩ ወደ ላይ ሳብኩት። ይሄ እንስሳው ድንገት ጎርፍ ወይ የእሳተ ገሞራ አመድ ሲቀብረው ወደ ላይ የሚያመልጥበትን ለማየት ነው። ሲደርቅ በቢላ ለሁለት ከፈልኩት፣ ዛጎሉ ባለፈበት መንገድ ንብርብሮቹ ባዶውን ሊሞሉ ወደ ታች ሰምጠዋል፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ የገባ ሹል ሆኖ። እንዲህ አይነት የማምለጫ ዱካ በምስራቅ አሜሪካ ካትስኪል በሚባለው የዴቮኒያን ዘመን የወንዝ ደለል ውስጥ ተገኝቷል፣ አርካኖዶን የሚባል ትልቅ ዛጎል የሰራው ነው የሚባለው፣ ከ360 ሚሊዮን አመት በላይ። እንስሳው ተቀበረ፣ ታገለ፣ ወጣ። ሞቶ ቢሆን ዛጎሉ ከስር ይገኝ ነበር። ይሄን ሳስበው ልቤ ይነካል እውነት፣ አንድ ከሰአት የተደረገ ትግል ያን ያህል ዘመን ቆየ።

እቴቴ «አንቺ ልጅ እጅሽን ታጠቢና ብዪ በቃ» አለች። ሽሮ ነበር።

አርብ

አራት ኪሎ፣ የሳይንስ ግቢ። አንድ የድሮ ተማሪዬ እዚህ ጂኦሎጂ ይማራል፣ በር ላይ መጥቶ አስገባኝ። መጀመሪያ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙን አየን፣ የተሞሉት እንስሳት በመስታወት ውስጥ ቆመዋል፣ ቶሎ ነው ያለፍነው።

ከዛ ካፌ ቁጭ ብለን ፎቶዎቹንም ጄሶውንም አሳየሁት። ወዲያው አልተስማማም፣ ጥሩ ልጅ ነው። «ቲቸር፣ ጋዝ ወጥቶበት የቀረ ቀዳዳ ቢሆንስ? ወይ የጭቃ ቁራጭ ውሃ ሲያንከባልለው የሰራው?» አለኝ። ጥያቄዎቹን በየተራ አየናቸው። ጋዝ የሚሰራው ክብ ነው፣ ሁለት ጫፍ የለውም። የጭቃ ቁራጭ መጠኑም ቅርፁም አንድ አይነት አይሆንም፣ እነዚህ ግን በመጠን ይቀራረባሉ፣ ጎንና ጎናቸው እኩል ነው፣ አንዳንዶቹ ላይ የስሩ መስመር አለ። «እሺ» አለ «ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ቦይ ብታገኚ ነበር የሚያሳምነኝ»። እውነቱን ነው። የሐይቅ ዛጎል ሲንቀሳቀስ ጭቃው ላይ ቦይ እያወጣ ነው የሚሄደው፣ ውሃ ሲሸሽ በተለይ ጠማማ ረጅም ቦይ ይተዋል ውሃውን እየተከተለ፣ ቦዩ ጫፍ ላይ ያረፈበት ከተገኘ ሁለቱን የሰራው አንድ እንስሳ ነው ማለት ይቻላል። በፎቶዬ ላይ አንድ ቦይ የሚመስል አለ ጠርዙ ላይ፣ ግን ስባሪው እዛ ጋ አልቋል።

ከዛ ስለ ሐይቁ አወራን፣ እኔ በጣም የጓጓሁት ለዚህ ነው። ከ11,000 እስከ 5,000 አመት ገደማ በፊት ባለው እርጥብ ዘመን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ የነበሩበት ጊዜ አለ፣ ውሃው ከአሁኑ ዝዋይ ከ30 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሰሜን በኩል ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ዛሬ ሻላና አብያታ ጨዋማና ሶዳ የበዛባቸው ናቸው፣ ዝዋይ ግን ንፁህ ውሃ ነው። የሐይቅ ዛጎል ጨውና ሶዳ ሲበዛ አይችልም። ስለዚህ ዛሬ ሶዳ በሆነ ሐይቅ ዙሪያ ባለ የድሮ ደለል ላይ የዛጎል ዱካ ካለ ያኔ ውሃው ንፁህ ነበር፣ ጥልቀቱም ኦክስጅን የሚደርስበት ነበር፣ ምክንያቱም ኦክስጅን በማይደርስበት ወለል ላይ የሚቆፍር የለም፣ ንብርብሩ ሳይነካ እንደ ተነባበረ ነው የሚቀረው። ያልተነካ ንብርብር ራሱ ወሬ ነው።

ልጁ ደሞ ስለ ጨው ባህር ነገረኝ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ደቡብ ውስጥ ከደረቀው ሐይቅ ወለል 280 ሜትር ገደማ ተቆፍሮ የወጣው ደለል ከ600,000 አመት በላይ የአየር ንብረት ታሪክ ይዟል። ትልቅ ስራ ነው። ግን አልኩት፣ በጠባብ ቱቦ የወጣ ደለል ጎኑን ነው የሚያሳይህ፣ የንብርብሩን ሰፊ ገፅ አያሳይህም፣ ዛጎሎቹ በየት አቅጣጫ እንደተኙ፣ ቦዩ የት እንደሄደ ከቱቦ አታነበውም። ለዚህ ወንዝ የቆረጠው ዳርቻ ያስፈልጋል፣ በእግር የሚሄድ ሰውም ያስፈልጋል። ሁለቱም ይፈላለጋሉ። እዚህ ላይ ብዙ ተከራከርን፣ ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዝን፣ እሱ ከቱቦው የሚነበበው የደለሉ ኬሚስትሪ ይበልጣል አለ እኔ አልተቀበልኩም።

ቅዳሜ

ከልጁ ጋር ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ እስከ ቸርችል ጎዳና እየተጓዝን የህንፃ ድንጋይ አየን። አብዛኛው የአዲስ አበባ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፣ ባዛልት፣ ትራካይት፣ ጥቁርና ግራጫው፣ እዚህ ላይ ዱካ አይፈለግም። ሲመረጥ ደስ የሚለው የአምቦ ድንጋይ ነው፣ ቢጫ ቀይ፣ እሱ አሸዋ ድንጋይ ስለሆነ ውሃ እንዴት እንዳነባበረው ግድግዳ ላይ ይነበባል፣ ዘንበል ያሉ መስመሮች አሉት። የዛጎል ዱካ ግን አላየንም። ልጁ አንድ ነገር አለ የወደድኩት፣ የሙገር ሲሚንቶ የሚመረትበት የኖራ ድንጋይ የጁራሲክ ዘመን የባህር ደለል ነው፣ ስለዚህ ስንቱ የከተማው ፎቅ ከባህር የተሰራ ነው ማለት ነው። የኛ ዛጎሎች የሐይቅ ናቸው፣ ከዚያ በጣም የቅርብ ጊዜ።

አመሻሽ ላይ ቀበና ወንዝ ዳር ወረድኩ። ውሃው ቆሻሻ ነው፣ ዛጎል የለም፣ ጭቃው ላይ የወፍ እግር፣ የትል ቦይ፣ የውሻ ዱካ ተነባብሯል። ቁጭ ብዬ ለየኋቸው፣ የቱ እንደቀደመ የቱ በላዩ እንደመጣ፣ የትሉ ቦይ የወፉን ጣት አቋርጦ ካለፈ ትሉ በኋላ ነው የመጣው። ለተማሪዎቼ ጥሩ ልምምድ ይሆናል፣ ዝዋይ ዳር ላይ አሰራቸዋለሁ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያንና ዘመድ ጥየቃ ነበር።

ሰኞ

ጠዋት ወደ ቅርስ ባለስልጣን ሄድኩ፣ ፎቶዎቹን ፒያሳ አሳትሜ፣ ሎኬሽኑን በወረቀት ፅፌ፣ ንብርብሩን በእጄ ስዬ፣ የትኛው ከየትኛው በላይ እንዳለ። የተቀበሉኝ ሴት ጨዋ ናቸው፣ ወረቀቱን በደንብ አነበቡት። «አጥንት አለው?» አሉኝ። የለውም አልኳቸው፣ ዱካ ብቻ ነው። ትንሽ ዝም ብለው ፎቶውን አዩት፣ ከዛ «ቦታውን ሌላ ሰው ያውቀዋል?» አሉ፣ እረኞች ያውቁታል አልኳቸው። ማመልከቻው ላይ «የዱካ ቅሪተ አካል» ብለው ፅፈው ቁጥር ሰጡኝ። ያለ ፈቃድ ምንም እንዳልቆፍር ነገሩኝ፣ እኔም ይሄን ነው የምፈልገው፣ ማየትና መለካት ብቻ።

በር ላይ ከልጁ ጋር ተስማማን፣ ፈተናው ካለቀ በኋላ ዝዋይ ይመጣል። ግድግዳው ላይ ሳይነኩ ያሉትን ርዝመት፣ ስፋትና አቅጣጫ እንለካለን፣ ቦዩን እንፈልጋለን፣ ዱካ ያለባቸውን ንብርብሮችና ያልተነኩትን ለየብቻ እንመዘግባለን፣ ከላይና ከስር ያለውን የአመድ ንብርብርም። ከበልግ ዝናብ በፊት መሆን አለበት፣ ወንዙ ከሞላ ያ ዳርቻ እንደገና ይገመሳል፣ ዱካውም አብሮ ይሄዳል።